የደብሪቱ እንቁላል

«ዶሮ የቆላ ናት አልኩሽ። ውርጭ ከሚገድላት ለፋሲካ ልረድልሽ።»

«መጀመሪያ እኔን እረደኝ።»

ልጆች፣ እንዲህ የተባባሉት እህትና ወንድም ናቸው። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ አያቶቼም በወሬ ነው የሰሙት። አገሩ ገብስ እንኳ እየተንቀጠቀጠ የሚበቅልበት አፋፍ ነበር። እህትዬዋ ደብሪቱ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ድሃ ናት። ወንድሟ ምትኩ ነው።

ደብሪቱ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ እንጉዳይ። እንጉዳይ ቆላ ተዳረች። በዓመቷ በጨው ነጋዴ እጅ አንዲት ቄብ ዶሮ ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር ላከች። «ይህች ቄብ ስትፈለፍል ጫጩት ልወስድ እመጣለሁ» አለች። በዚያ አፋፍ ደግሞ ዶሮ ፈልፍላ አታውቅም።

መጀመሪያ ውርጭ መጣ። ከዶሮዋ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቆረ። ደብሪቱ ለራሷ ፀጉር ያስቀመጠችውን ቅቤ ቀባቻት። ምድጃው ጥግ ከአውራው ጋር በቅርጫት አስተኛቻት።

«የአንቺ ራስ ደርቆ የዶሮ ራስ ወዛ» ብሎ ምትኩ ሳቀ።

ዶሮዋ ግን ብርዱን ተወጣችው።

ቀጥሎ እንቁላል መጣ። ደብሪቱ ውርጭ እንዳይሰነጥቀው ፈርታ በየቀኑ ሁሉንም እያነሳች ገለባ ውስጥ ሸሸገች። ዶሮዋ የምትጥልበትን ጎጆ ባዶ አገኘችው። ባዶ ብታገኘው ጠፍታ ሜዳ ላይ ጣለች። እንቁላሉም በውርጭ ተሰነጠቀ። ምትኩ የተሰነጠቀውን አንስቶ አየና፣ «ሁሉንም ካነሳሽባት ምን ብላ ትመለስ?» አላት።

ደብሪቱ ወደ ገለባው ሄደች። ጎጆው ውስጥ አንዲት እንቁላል መልሳ አኖረች። ከዚያ ልጇ ትተኛበት የነበረውን ቁርበት ከተሰቀለበት አውርዳ መደቡ ላይ አነጠፈች። ዶሮዋ ተመለሰች። ቁርበቱም እንደተነጠፈ ቀረ።

በመጨረሻ ዶሮዋን እንቁላል አሳቀፈቻት። ዶሮዋ ለጥሬ ስትወርድ ደብሪቱ እንቁላሎቹን በጉያዋ ታሞቃለች። ገበያ አልወጣችም። ለቅሶ አልደረሰችም፤ ጎረቤት አኮረፋት። በሃያ አንደኛው ቀን ሰባት ጫጩት ተፈለፈለ።

ደብሪቱ በነጋዴው አፍ «ዶሮዋ ፈልፍላለች፤ ነይ» ብላ ለልጇ ላከች። ጠበቀች። መስቀል አለፈ። ገና አለፈ። ፋሲካ አለፈ። ጫጩቶቹ እናቶች ሆኑ፤ የእነሱም ጫጩቶች እናቶች ሆኑ። ያኮረፋት ጎረቤት ሁሉ ከእሷ ቤት ዶሮ ወሰደ። ለሁሉም «አንዲቱን እንቁላል አታንሱ» ትላለች። እንዲህ እያለች፣ መንገዱን እያየች፣ ስድስት ዓመት ኖረች። ከዚያ ሞተች።

ዛሬም በዚያ አገር እንቁላል የሚያነሳ ሰው አንዲቱን ይተዋል፤ «የደብሪቱ ናት» ይላል። ከቤቱ የሚርቅ ሰውም በቃል አይሰናበትም። ያችን እንቁላል በእጁ አሙቆ ወደ ጎጆዋ ይመልሳል።

ይህን የጀመረችው እንጉዳይ ናት። ነጋዴው ቃሉን ሳያደርስ ሞቶ፣ መልእክቱ ከዓመታት በኋላ በነጋዴው ልጅ አፍ ደረሳት። በሰባተኛው ዓመት ስትመጣ በሩን የከፈተላት ምትኩ ነው። ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። ቁርበቱን አሳያት፤ ጎጆውን ከነእንቁላሉ አሳያት።

«አታንሳው ብላኛለች፤ አላነሳሁትም» አላት።

እንጉዳይ ቁርበቱ ላይ አደረች። ሲነጋ እንቁላሉን በሁለት እጇ ያዘችው። እስኪሞቅ ያዘችው። ከዚያ ወደ ጎጆው መለሰችውና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምንም ሳትናገር ቁልቁለቱን ወረደች።