እመት ጃርት በጠራራ ፀሐይ

ተረቱ የቆየ ነው፤ ንዴቱ ግን ዛሬም አልበረደልኝም። ቀረብ በሉና ስሙኝ።

ድሮ፣ አበቦች አፍ በነበራቸው ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ቁጡ እናት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር በጫካ ዳር ትኖር ነበር። ጉድጓዷ ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ዝናብ አይገባውም። በገዛ ጥፍሯ ቆፍራ የሠራችው ቤት ነው። እመት ጃርት ቀን ተኝታ ሌሊት ነበር የምትወጣው። ስለዚህ የጫካውን ተክል ሁሉ በሥሩ ታውቀዋለች፤ ይሄ ይጣፍጣል፣ ያ ይመራል ትላለች። አበባ የሚባል ነገር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ጎረቤቷ አያ ቀበሮ ቤት የለውም። ቆፍር ሲሉት ወገቡን ያመዋል። አንድ ማለዳ መጣና፣

«እመት ጃርት! አንቺ እዚህ ታንኮራፊያለሽ፣ በጫካው መንገድ ዳር ግን የጥንት ሰዎች የጣሉት ሀብት ተዘርግፏል። ቢጫው ወርቅ ነው፣ ቀዩ ዕንቁ ነው፣ ነጩ ብር ነው» አላት።

«እኔ በየሌሊቱ በዚያ አልፍ የለም እንዴ? መቼ አይቼ አውቃለሁ?»

«በጨለማ እንዴት ይታይሻል? ሀብት የሚያበራው በፀሐይ ነው። ሂጂ! ልጆቹን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

ልጆቼን በወርቅ አስጊጬ እድራለሁ ብላ አመነችው። ኧረ እንዴት ታምነዋለች! ለቀበሮ ልጅ በአደራ ይሰጣል?

ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ከኮረብታው ሥር ቢጫ ነገር ሲያበራ አየችና «ወርቅ!» ብላ ሮጠች። ብትነክሰው ቅጠል ቅጠል አላት።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«አደይ አበባ ነኝ። እዚሁ በቅዬ እዚሁ የኖርኩ። ሥሬን ስትግጪ ከርመሽ ፊቴን ዛሬ ገና አየሽው?»

«ወርቅ መስለሽ ታታልዪኛለሽ?» ጃርት ደሟ ፈላ። ጀርባዋን አዞረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ እሾኋን አርከፈከፈችባት።

«እኔ ወርቅ ነኝ አልኩሽ? ያለሽን ጠይቂው!» አለች አደይ እየወደቀች። ጃርት አልሰማቻትም።

ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ቋጥኝ ላይ ቀይ ነገር ሲንቦገቦግ አየችና «ዕንቁ!» ብላ ወጣች። ብትልሰው መረራት።

«እሬት ነኝ» አለቻት አበባዋ። «ምራቅሽን የላከሽ ላይ ትፊው እንጂ እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«ዝም በይ!» ጀርባዋን አዞረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ እሾኋን አርከፈከፈችባት።

ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። በቁጥቋጦው መሀል ነጭ ነገር አየችና «ብር!» ብላ ዘለለች። አፍንጫዋን ወጋት።

«ቀጋ ነኝ» አለቻት ነጯ አበባ።

እንዲያ ያለ ውበት ጃርት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ምን ዋጋ አለው፣ ንዴት ዓይኗን ጋርዶታል። «አንቺም!» ብላ ጀርባዋን አዞረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ የቀራትን እሾህ በሙሉ አርከፈከፈችባት።

ቀጋ ቅርንጫፏ ተሰብሮ ተናገረች፦ «እሾህ እኔም አለኝ፤ የምወጋው ግን የነካኝን ብቻ ነው። አንቺ ያልነካሽን ሁሉ ስትወጊ ዋልሽ። ለመሆኑ ልጆችሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?»

ጃርት ክው አለች። እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትደርስ ልጆቿ ደጅ ተጥለው ያለቅሳሉ። ቀበሮ ከጉድጓዱ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጓል።

«ውጣ ከቤቴ! አንተ ከሃዲ!»

«ምነው እመት ጃርት፣ በወርቁ ሌላ ቤት አትሠሪም?»

አሁን ነበር መቆጣት! ጀርባዋን አዞረች፣ ተንቀጠቀጠች። አንድም እሾህ አልወጣም። እንደገና ተንቀጠቀጠች። ጀርባዋ ባዶ ነው። ቀበሮ ሳቀባት፣ አዛጋና ወደ ውስጥ ገባ።

«እማዬ፣ ለምን አትወጊውም?» አለች ትንሿ ልጅ።

እመት ጃርት ልጆቿን አስከትላ ሜዳ ላይ አደረች።

እንግዲህ አትቆጡ አልላችሁም፤ እኔም ይኸው እየተቆጣሁ ነው ያወራኋችሁ። ግን ቁጣችሁን ለበደላችሁ አቆዩለት። ምንም ባላደረጋችሁ ሰው ላይ የጨረሳችሁት ዕለት፣ የበደላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ተዘርግቶ ይተኛል።