በጣራ የመጣው እንግዳ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ ደመና ከታቹ በሚቀርበት ተራራ አናት ላይ ሞላልኝ የሚባል ሰው ነበር። ኑሮው መንገደኛ ማሳደር ነው። የመሸበትን ሰው «ሂድ» ብሎ አያውቅም፤ በዚያ አገር እንግዳ ማባረር ትልቅ ነውር ነው።

አንድ ቀን ሚስቱ አንጓች አራስ ሆና ከልጇ ጋር ተኝታ ሳለ፣ ሰማዩ ጭጭ አለ። ከዚያ በረዶ መጣ። አቤት አመጣጡ! ኮቴ የለው፣ ድምፅ የለው። ገደሉን አለበሰው፣ ዛፉን አለበሰው፤ ዓለም ዛሬ የተፈጠረች መሰለች። ሞላልኝ አፉን ከፍቶ ደጅ ቆሞ ቀረ።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ጣራህ ላይ ልረፍ» አለ በረዶ።

«ቤት ለእንግዳ!» አለ ሞላልኝ።

መጥረጊያ ከበሩ ጥግ ሆና፣ «ሰውዬ፣ አሁን ስስ ነው፤ እኔ እበቃዋለሁ» አለች።

«እንግዳ ይጠረጋል እንዴ? አታፍሪም!»

ቆይቶ በረዶ፣ «ታናሽ ወንድሜ ደረሰ፤ እሱም ይረፍ?» አለ።

«ይረፍ» አለ ሞላልኝ፣ ዓይኑን ከዚያ ንጣት ላይ መንቀል አቅቶት።

ገለባ የሚያዘራበት የእንጨት ላይዳ፣ «አሁንም አልረፈደም፤ እኔ እዝቀዋለሁ» አለ።

«ዝም በል፣ እንግዳው ይሰማሃል!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረዶ ለሦስተኛ ጊዜ፣ «አጎቶቼ ከነቤተሰባቸው መጥተዋል» አለ። ሞላልኝ ሳይመልስ ምሰሶው ጓ! አለ።

«ወገቤን! ወገቤ ሊቀነጠስ ነው!»

አንጓች ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ! ቤቱ ላያችን ላይ ሊወርድ ነው! አራስ ገላዬን ይዤ በዚህ ብርድ ወዴት ልውጣ?»

ሞላልኝ ለልጁ ሳሳ፣ ነውሩንም ፈራ። «እንግዳ እንዴት ብዬ ላባርር?»

ይኼኔ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው አሞሌ ጨው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዳ ከሆነ ቤት ያፈራውን ይቅመስ። እኔን አቅርበኝ።»

ሞላልኝ ከጨው ቆርሶ ወደ ጣራው ዘረጋ። «እንግዳዬ፣ የቤቴን ጨው ቅመስ።»

በረዶ ተንቀጠቀጠ። «እ... ጾም ይዣለሁ።»

«ጨው ይጾማል እንዴ? በሞቴ!»

«አይስማማኝም።»

«አፈር ስሆን!»

«አልቀምስም አልኩህ!»

«በሞቴ ተብሎ እንቢ የሚል እንግዳ አላየሁም» አለና ሞላልኝ መሰላሉን አቆመ፣ ላይዳውን አነሳ።

ላይዳው ዛቀ፣ መጥረጊያዋ ጠረገች፣ ጨውም ደጃፉ ላይ ተበትኖ የረጋውን አቀለጠ። ምሰሶው ቀና ብሎ ተነፈሰ። ደጅ የተከመረው በረዶ በጀንበሯ ብርሃን ወርቅ መሰለ፤ ሞላልኝም መሰላሉ ላይ ሆኖ እንደገና አፉን ከፈተ።

አንጓች በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ፣ «ያምራል፤ እዚያው መሬት ላይ ሲሆን» አለች።

እናንተም የሚያስደንቅ ነገር ሲመጣባችሁ ተደነቁ፤ ግን ላይዳችሁን ይዛችሁ ተደነቁ።