ሆዱ ሰማያዊ የነበረው ሄሊኮፕተር

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይሰማችሁም። አንተም በሩን ዝጋና ወደዚህ ና። እኔ የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ፤ ፍርዱን እናንተው ተጨቃጨቁበት።

በአንድ ወቅት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ባለባት አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ መቶ አለቃ ውብሸት ሄሊኮፕተር አብራሪ ነው። በሰሜን በኩል ጦርነት ነበርና ሲሄድ ሲመለስ ከረመ። ምን ጭነህ ነው የምትሄደው ስትለው፣ እህል አደርሳለሁ፣ ቁስለኛ አመላልሳለሁ ይላታል። ታምነዋለች። ባሏ ነዋ፣ ለምን አታምነው?

ሲነሳ በቤታቸው ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች፣ አስናቀና ጌታሁን፣ ደጅ በጀርባቸው ተንጋለው ይጠብቁታል። ሄሊኮፕተሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአባታቸው ግን ሰማያዊ ሆዱ በጥይት ተበስቶ የተጣፈበት አንዲት አረንጓዴ መጣፊያ ነበረችው። መጣፊያዋን ካዩ፣ አባባ ነው ብለው ይጮኻሉ። አንድ ቀን እንዲሁ ዝቅ ብሎ አለፈና በዚያው ቀረ።

ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ዘርፌ ከጭንቀቷ ብዛት ጡቷ ደረቀ። ሕፃኑን ይርዳውን ያጠባችለት ጎረቤቷ ለተብርሃን ናት። ለተብርሃን ከሰሜን ተፈናቅላ ስትመጣ ጡቷ ወተት ነበረው፣ ጀርባዋ ላይ ግን ልጅ አልነበረም። በጦርነቱ አጣሁት ብላለች። እንዴት እንደሆነ አልተናገረችም፤ ዘርፌም አልጠየቀቻትም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

ጦርነቱ አለቀ፣ ልጆቹም አደጉ፣ የየራሳቸውን ሙያ ያዙ። ከዕለታት አንድ ቀን ባንቲ የሚባል እግሩ የሚያነክስ አስር አለቃ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። በውብሸት ሄሊኮፕተር ላይ ሮኬት የሚጭነው እሱ ነበር። ተማርኮ ኖሮ፣ ከተፈታም በኋላ ደጃቸው ድረስ እየመጣ የሚመለስ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ገባና መርዶውን ነገራት።

ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። በዘርፌ አገር ደንብ፣ ሬሳው ላልተገኘ ሰው ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መሃል ይቆማል። ልጆቿን ሰበሰበችና፣ የአባታችሁ ፈረስ ያ ነገር ነበር፣ አምሳያውን ሥሩልኝ አለች። ከሳጥኗ የቆዳ ጃኬቱን አወጣች፤ ከውብሸት የቀረ እሱ ብቻ ነው።

«ይሄ የውብሸት ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም የሚያሰኝ ሥራ የሠራ፣ ጃኬቱ የእሱ ነው።»

ይርዳው አናጢ ነው። አባቱን በመልክ አያውቀውም፤ ሄሊኮፕተሩንም እንዲሁ። ወንድሞቹ የነገሩትን እየሰማ ከዋንዛ ጠረበው። መጀመሪያ ጅራቱን አስረዘመውና ጌታሁን፣ ይሄማ ከሐይቁ የወጣ አዞ ነው ብሎ ሳቀበት። ይርዳው አልተቆጣም። ወንድሞቹ የሚሉት እስኪያጡ ድረስ ፋቀው፣ ጠረበው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው።

አስናቀ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ቀቢ ነው። ጀርባውን በአረንጓዴና በአሸዋ ቀለም ቡራቡሬ አደረገው። የሆዱን ሰማያዊ ግን ተሳሳተ፤ ዘርፌ አየችና ይሄ ታክሲ ነው አለችው። አስናቀ እንቅልፍ አጣ። በኋላ ትዝ አለው። አባቱ ድሮ ከዚያው ከሆዱ ቀለም የተራረፈውን ከማረፊያው አምጥቶ የእናቱን የሙሽርነት ሳጥን ክዳን በውስጥ በኩል ቀብቶላት ነበር። ፀሐይ አልነካውም፣ አልደበዘዘም። ሳጥኑን ከፍቶ አጠገቡ ተቀመጠና ነጩን ከሰማያዊው፣ ጠብታ ጥቁርም ጨምሮ፣ ከክዳኑ መለየት እስኪያቅተው ድረስ አዋሐደው። በመጨረሻም አረንጓዴዋን መጣፊያ በቦታዋ አስቀመጣት። ዘርፌ ያን ጊዜ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ጌታሁን በያጅ ነው። የሮኬቱን ነገር በግምት አልሠራም ብሎ ባንቲ ዘንድ ሄደ። ባንቲ ብዙ አንገራገረ፣ በኋላ ግን ነገረው። እህል የጫነበትም ቀን ነበር፤ በብዛት ግን ሮኬት ነበር። ከግራም ከቀኝም በአጫጭር ክንፎቹ ሥር ሁለት ሁለት ቱቦ፣ ሁሉም ሙሉ፣ አፍንጫው ላይ መትረየስ። ጌታሁን ቱቦዎቹን ከቆርቆሮ ጠቀለለ፣ አፋቸውን በምስማር በሳሳ፣ በየቀዳዳው የሮኬት ጫፍ አበጀ።

አስናቀ ተከራከረው። «እማዬ እህል ነበር የሚጭነው እያለች ነው የኖረችው። ባዶውን ተወው።»

«ባዶ ከሆነ የእሱ አይደለም» አለ ጌታሁን።

ዘርፌ ሰምታለች። ገብታ ምን እንደሆኑ ጠየቀች፤ ጌታሁንም ሳይሸፋፍን ነገራት። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካካች። ከዚያ፣ ግጠሟቸው አለች። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ያለችው እሷ ናት።

የለቅሶው ቀን ድንኳኑ መሃል ሰቀሉት። ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ግን አስናቀና ጌታሁን አባታቸውን የሚያውቁት ከታች ወደ ላይ ነዋ፣ ሆዱ እንዲታይ ብለው በገመድ አንጠለጠሉት። ጃኬቱን ከሥሩ ዘረጉ። ዘርፌ ቀና ብላ ስታየው፣ ውቤ ብላ ደረቷን መታች።

የእድሩ ሴቶች መጡ፤ ከፊት ለተብርሃን ናት፣ ጮክ ብላ እያለቀሰች። ለእህቷ ባል እንደሚለቀስ ነው የምታለቅሰው። መሃል ደርሳ ቀና አለች። ድምፅዋ እዚያው ቆመ።

«ዘርፌ፣ ይቺን መጣፊያ አውቃታለሁ» አለች።

ዘርፌ መጀመሪያ ደስ አላት። ልብ አድርጉ፣ ደስ አላት፤ ሰው የውቤን አወቀልኝ ብላ።

«ገበያ ነበርን፣ ልጄን አዝዬ» አለች ለተብርሃን። «ሆዱ ሰማይ መስሎ ነው የመጣው። መጣፊያዋን ሳይ ነው ሰማይ አለመሆኑን ያወቅሁት።» እጇን ዘርግታ አንዱን ቱቦ ነካች። «ከዚህ ነው የወጣው።»

ዘርፌ እህል ነበር የሚጭነው የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ግጠሟቸው ያለች እሷ ናት።

ይርዳው ተነሳ። ቱቦዎቹን እየገነጠለ ኪሱ ከተተ። ቢላዋ አወጣና መጣፊያዋን እስከ እንጨቱ ፋቃት። ጌታሁን እጁን ያዘው። አስናቀ፣ የአባታችንን መልክ አጠፋህ አለው።

«አባቴን አላውቀውም» አለ ይርዳው። «ያጠባችኝን ግን አውቃታለሁ።»

ዘርፌ በለቀስተኛው ፊት በጥፊ መታችው። ለተብርሃን ስትወጣ ይርዳው ተከትሏት ወጣ። ለቅሶውም በዚያው ተበተነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይሄ ነው። አስናቀ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ መኪና ይቀባል፤ ሰማያዊ መኪና ሲመጣ ለሌላ ሰው ይሰጣል ይባላል። ጌታሁን ቱቦዎቹን እንደገና ሠራ፤ እናቱ ግን ግጠም አላለችውም፣ ጣልም አላለችውም፣ እሱ ዘንድ ተቀምጠዋል። ባንቲ ከዚያ ወዲያ ደጃፋቸው አልታየም። ይርዳው የለተብርሃን ጧሪ ሆነ፣ ከዘርፌ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ጉልበቷን ይስማል፣ ቤት ግን አይገባም። ለተብርሃን ከእድሩ አልቀረችም፤ ሌላ ወገን ትቀመጣለች እንጂ። ዘርፌ በየዓመት በዓሉ በሰሃን ምግብ ትልክላታለች። ድሮ አንዷ የላከችው ሰሃን ከሌላዋ ቤት ባዶውን ተመልሶ አያውቅም ነበር። አሁን ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል።

ዘርፌ ጃኬቱን ወደ ሳጥኗ መልሳ፣ ለማንም ሳትሰጥ ሞተች። ሄሊኮፕተሩ ሳጥኑ ላይ ነው፤ ክንፎቹ ላይ አራት ቀዳዳ፣ ሆዱ ላይ አንድ ጠባሳ አለው። ከቀብሯ መልስ ሳጥኑ ተከፍቶ ሦስቱም ቆመዋል። አስናቀ፣ ሰው ያወቀው በእኔ ቀለም ነው ይላል። ጌታሁን፣ እውነቱን ሳልቀንስ ያቆምኩት እኔ ነኝ ይላል። ይርዳው፣ እንጨቱን የጠረበው እሱ ሆኖ፣ ጃኬቱን አይነካም፣ ከበሩም አይሄድም። ይሄ የውብሸት ነው የሚለውን ምስክርነት ከአፏ ያወጣችው ደግሞ ለተብርሃን ናት፣ እሷም በአጥሩ ማዶ አለች።

በሉ እንግዲህ፣ ልጆቼ። ጃኬቱ ለማን ይገባል?