የመርሳ ሐሩድ ቅምሻ

በመርሳ ሐሩድ ወደብ፣ ከአሮጌው ጉድጓድ በስተጀርባ፣ ሣር የማይበቅልበት አንድ ጉብታ አለ። ወደቧ ዛሬ የቧንቧ ውሃ ብታገኝም ጉድጓዱ አልተደፈነም፤ ስጦታ ይዞ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ዕቃውን ከማውረዱ በፊት፣ ከዚያ ጉድጓድ አንድ ጣሳ ውሃ ይቀርብለታል። ሰዉ ይህን ልማድ «ቅምሻ» ይለዋል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የተጀመረው ዝናብ በጠፋበት በአንድ ክፉ ዘመን ነው። ጉድጓዱ ጨው ጨው ብሎ፣ የአንዲት ጦይባ የምትባል ሴት ልጅ፣ ሉባባ፣ በወለደች በሳምንቷ ጡቷ ደርቆባት፣ ጨቅላው ማልቀስ እንኳ አቅቶት ነበር ይባላል። ጦይባ በየቤቱ የሚጠጣ ውሃ ለምና ለምና ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ መስቀል የተሣለባት ነጭ መርከብ ወደቡን ሞልታው መጣች፤ እርሷም ቆርቆሮዋን አንሥታ ሮጠች።

ምን ዋጋ አለው! በጎ አድራጊዎቹ የተጠማ ሰው የሚያምረው ዜማ ይመስል መዝሙራቸውን እስከ መጨረሻው ስንኝ ዘመሩ። ከዚያ ስጦታው ተከፈተ፤ ጥላ ሥር የተቀመጠን ሰው ላብ በሚያጠምቅበት አገር የሱፍ ጓንት፣ ማንም በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተትን የሚያስተምር መጽሐፍ። ለጭብጨባ ብቻ የተፈጠሩት የወደቡ ሹም ባላምባራስ ውብነህ ጓንቱን አጥልቀው፣ ላባቸው በክርናቸው እየወረደ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ።

ጦይባ ሰልፉን ጥሳ ገባች። «ጌቶቼ፣ ጓንቱ ይቆየኝ፤ ለአራስ ልጄ የሚጠጣ ውሃ ስጡኝ» አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በእንግዳ ፊት አታዋርጂን!» ብለው ባላምባራሱ ተቆጡ።

የመርከቧ አለቃ ግን ፈገግታቸው ሳይጓደል በአስተርጓሚያቸው መለሱ፤ «የመርከቧ ውሃ ለመርከበኞቹ ነው። እናንተማ ጥሩ ጉድጓድ እንዳላችሁ ሰምተናል።»

ጦይባ በንዴት «እንግዲያው ይቅመሱልኝ» ብላ ከጉድጓዱ አንድ ጣሳ ቀድታ አመጣች። አለቃው ፎቶግራፍ አንሺውን በዓይናቸው ፈልገው፣ ጣሳውን ከፍ አድርገው ተጎነጩ፤ ወዲያው ፊታቸው ተጨማደደና በገዛ መጽሐፋቸው ላይ ተፉት። አፋቸውን ጠርገው ሲያበቁ ለጦይባ ምን ቢሰጧት ጥሩ ነው? ሌላ ጓንት።

ይህን ያዩ የወደብ ተሸካሚዎች ሣጥኖቹን ባሉበት ጣሏቸው። «ውሃ ካልወረደ አንድም ሣጥን አይወርድም፤ የወረደውንም መልሰን እንጭንላችኋለን» አለ ጓዳቸው ኢድሪስ። ስጦታን ይዞ መመለስ ለእንዲህ ዓይነቱ በጎ አድራጊ ከሞት የከፋ ውርደት ነውና፣ ለጨቅላ ያልራሩት ሰዎች ለሣጥናቸው ሲሉ ከመርከቧ ውሃ በቧንቧ አወረዱ። ከመጀመሪያው ቆርቆሮ ሉባባ ጠጣች፤ ጡቷ ተመለሰ፣ ልጁም ተረፈ።

መርከቧ ስትሄድ ጓንቱና መጽሐፉ ከጉድጓዱ ጀርባ ተጣለ፤ አሸዋ ለብሶ ጉብታ የሆነውም እርሱ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በጦይባ ትእዛዝ፣ ጣሳውን የጨለጠ እንግዳ ከነስጦታው ቤት ይገባል፤ ያልጠጣ ስጦታውን ጉብታው ላይ ያራግፋል። ጣሳውን የሚያቀርበውም ያ የተረፈው ልጅ፣ ከእርሱም በኋላ የእርሱ ዘር ነው።

በቅርቡ እንኳ ባነርና ድምፅ ማጉያ የያዙ ሰዎች በጀልባ መጥተው ነበር። መሪያቸው ጣሳውን አየት አድርገው «ሆዴን ያመኛል» አሉ። ጣሳውን የያዘችው የሉባባ የልጅ ልጅ አልተከራከረቻቸውም፤ ወደ ጉብታው የሚወስደውን መንገድ በእጇ አሳየቻቸው።