ጥንዚዛ የወረረው ቤት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ቤቱ ከጨፌ ዳር። የሺመቤት፣ «አባቴ፣ ልጄ ከቤት እየሸሸች ጎረቤት ትውላለች፤ ምን አቅምሰውብኝ ይሆን?» ብለሽኝ የለ? እንግዲያው ቁጭ በዪና ስሚኝ። የንስሐ አባትሽ ነኝ፤ አትቸኩዪብኝ።

ገበሬው ጨፌውን አየና፣ «ይህ ሁሉ መሬት ለእንቁራሪት!» አለ። ጤፍ ሊዘራበት ጅጊ ጠራ። ጠላ ተጠመቀ፤ ሰው እየዘፈነ ቦይ ቆፈረለት። ውሃው እየተንፎለፎለ ወንዝ ገባ። ሁሉም መረቀው።

በዚያ ጨፌ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ጥንዚዛ ትኖር ነበር። እርጥብ ቄጠማ ሥር ትሽሎከሎካለች እንጂ ማንንም አትነካም። ማን ልብ ብሏት! ውሃው በሄደ ሰሞን ግን ጥንዚዛ ቤቱን ወረረው። መደቡ ላይ ጥንዚዛ፣ ጫማው ውስጥ ጥንዚዛ። ሚስቲቱ አመድ ነሰነሰች፣ ጠበል ረጨች፤ ወይ ፍንክች!

«መተት ነው! ያቺ ከማዶ ያለችው መበለት ናት የላከችብን» አለች። ባልም እውነት መስሎት፣ መበለቲቱን ከነልጆቿ ከመንደሩ ሊያባርር ዱላውን አነሳ።

ከመውጣቱ በፊት ጠማውና ውሃ ሊቀዳ እንስራውን ዘንበል አደረገ። ሥሩ ጥንዚዛ ብቻ! እንስራው ያረጠባት መሬት ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ተጣብቋል። ሰውየው ደነገጠ፤ ዱላውን ጣለ። «አዬ ጉዴ! ከቤታችሁ ያስወጣኋችሁ እኔው ራሴ!» አለ።

ዶማውን ይዞ ሄደና ቦዩን ደፈነ። ለዚህኛው ጅጊ አልጠራም፤ አፍሮ ብቻውን ሠራ። ውሃው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ጥንዚዛውም እንደ አመጣጡ ወጣ። ሚስቲቱ ቤቷን ጠርጋ እልል አለች። እኔም እዚህ ስደርስ እፎይ እላለሁ፤ ያ ዱላ ያችን ምስኪን ሊያገኛት ነበራ!

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አንቺና ባልሽ ከፋሲካ ወዲህ ተጯጩኻችሁ ያላደራችሁበት ቀን አለ? እኔው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሆኜ እሰማችኋለሁ። ልጅቷን ማንም ምንም አላቀመሳትም። ቤታችሁ ደረቀባትና እርጥበት ያለበት ሄደች። ምን ያስለቅስሻል? ይህ እኮ ደግ ወሬ ነው፤ ልጅሽ ደህና ናት። ጎረቤትሽን እግሯን ስመሽ አመስግኛት፤ አቆይታልሻለች።

በይ ተነሺ፣ ሄደሽ ከባልሽ ታረቂ። ስትሳሳቁ ከሰማች ሳትጠሯት ትመጣለች።