ጋሪው የቀለለ ዕለት

አንድ ሰው ነበር። ስሙን ተዉት፣ አያስፈልገንም። የሚኖረው በሩቁ ሰሜን፣ በኖርዌይ ጫፍ ነው። እዚያ የብርዱ ወራት ሲገባ መንገዱ ሁሉ በረዶ ይሆናል። ሰውዬው በዚያ በረዶ ላይ ውሾች ያሠለጥናል። ለአደን እንዳይመስላችሁ፣ ለጥበቃም አይደለም። ጋሪ እንዲጎትቱለት ነው፤ ጎማ የሌለው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ። ስምንት ውሾች ሁለት ሁለት ሆነው ከፊት ይታሰራሉ፤ እሱ ከኋላ ቆሞ መያዣውን ይጨብጣል። አትሳቁ፣ እዚያ አገር የተከበረ ሥራ ነው።

ውሾቹን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጀምሮ ያሳደጋቸው እሱ ነው። መሪያቸው ታይጋ ቡችላ ሳለች ስትታመም ጉያው ውስጥ ይዟት ያድር ነበር። ብሩኖ የሚባለውን ደግሞ ሁልጊዜ ከጋሪው አጠገብ ያስረዋል፤ ግዙፍ፣ ጉልበተኛ፣ የዋህ ውሻ ነው።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ራንዲ ገመድ ይዛ ወጣች። «አንዱን ጫፍ ጋሪው ላይ፣ አንዱን ወገብህ ላይ እሰረው። ብትወድቅ ጥለውህ ይሄዳሉ» አለችው።

«እነማን? የኔ ልጆች?» ሳቀባት። «ታይጋ እኔን ጥላ ልትሄድ? አንቺ ደግሞ ትቀልጃለሽ።»

ገመዱን ሳይወስድ ሄደ።

ጫካው ውስጥ ሁልጊዜ የሚያልፉበት መታጠፊያ አለ። በረዶ ከብዶት አንድ ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሰውዬው ውሾቹን እያየ ቅርንጫፉን አላየውም። ደረቱን መታው፣ እጁ ከመያዣው ተላቀቀ፣ በጀርባው ተዘረረ። አልተጎዳም። ቀና ብሎ፣ በሚያውቁት ድምፅ፣ ቁሙ አላቸው።

ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ታይጋ ቆመች? ብሩኖ ዞረ? ጆሯቸው ወደ ኋላ ቀና ሲል ሰውዬው አይቷል። ሰምተውታል። ግን ጋሪው ቀለላቸው። ቀለላቸውና ፈጠኑ። አዎ፣ ፈጠኑ! ጅራታቸውን እየቆሉ፣ በደስታ እየጮኹ ከዓይኑ ተሰወሩ። አንዱ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ሰውዬው ክው አለ። እንደተቀመጠ በረዶው ላይ ቀረ። ያበላኋቸው እኔ፣ ያስታመምኳቸው እኔ፣ እንዴት አንዳቸው እንኳ አይቆሙም? አለ በልቡ።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ከመታጠፊያው ወዲያ ቁልቁለት አለ። የጋሪው ፍሬን እሱ በሚቆምበት ቦታ፣ እግሩ ሥር ነው፤ በረዶውን የሚቧጥጥ ባለ ጥርስ ብረት። እሱ ካልረገጠው ቁልቁለት ላይ ጋሪውን የሚይዘው ነገር የለም። የሚጎትቱት ጋሪ ተመልሶ እነሱ ላይ ይመጣል።

ያን ጊዜ ሮጠ። በረዶው እስከ ጉልበቱ እየዋጠው፣ እየወደቀ እየተነሳ ሮጠ። ንዴቱ ሁሉ ጠፍቶ «እባካችሁ ቁሙ፣ እባካችሁ» ይል ነበር። ልብ በሉ፣ የሚጮኸው ለራሱ አይደለም።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ጋሪውን ተገልብጦ አገኘው። ውሾቹ በማሰሪያቸው ተተብትበው ይንቀጠቀጣሉ። ብሩኖ ጋሪው ሥር ነበር። ሰውዬው ጋሪውን አንስቶ ታቀፈው። ገላው ገና ይሞቃል፣ ትንፋሽ ግን የለውም።

ራንዲ ሲዘገይባት ፈልጋው መጣች። እዚያው ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘችው።

«ሸክም መስያቸው ነበር» አላት። «ስወድቅላቸው ደስ አላቸው፣ ራንዲ።»

እሷም አልወቀሰችውም። ተንበርክካ የተረፉትን ትፈታ ጀመር።

ወገኖቼ፣ ይህን ሳስብ ይሰቀጥጠኛል። ለምን በሉኝ። ውሾቹ ክፉዎች ስላልሆኑ ነው። ጌታቸውን አልጠሉትም። መንገድም አልሳቱም፤ የሮጡት ትክክለኛውን መንገድ ነው፣ ያውም በደስታ። የጎደለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

እኛስ? ጌታ እንደማይወድቅ አውቃለሁ። እኛ ግን አንድ መታጠፊያ ላይ ጥለነው ልንሄድ እንችላለን። ያን ቀን መዝሙሩ ይቆማል? አይቆምም። ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ማይኩ ይሞከራል፣ አዳራሹ ይሞላል። እንዲያውም ይቀላል። «ይህን ተው» የሚል የለ፣ «ሄደህ ሚስትህን ይቅርታ ጠይቃት» የሚል የለ። ቀለለኝ ትላላችሁ። በረከት ነው ብላችሁ ምስክርነትም ትሰጡበታላችሁ። ሜዳው ላይ ማን ያውቅባችኋል?

ቁልቁለቱ ግን ይመጣል። ያን ጊዜ የምትጎትቱት ሥራ፣ የምትጎትቱት ስም፣ አዎ፣ የምትጎትቱት አገልግሎት ተመልሶ ይመጣል። ማንን ይመታል? ከፊት ያለውን አይደለም። ለጋሪው የቀረበውን ነው። አንተ ወንድሜ፣ ሚስትህን ነው። አንቺ እህቴ፣ ልጅሽን ነው። እናንተ ትተርፉ ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ምን ያህል እንደሮጣችሁ አትንገሩት። «ጌታ ሆይ፣ አብረኸኝ አለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሌለ ደግሞ ተቆጥቶ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ልጆቻችሁ ጋሪው ሥር ሳይገቡ ሊደርስላችሁ ከኋላችሁ እየሮጠ ነው፣ እየተጣራ ነው። ሰምታችሁታል፤ እንደሰማችሁትም ያውቃል። እባካችሁ ቁሙ።