ሳያብብ የቆየው አደይ

እነሆ ተረት፣ ለሰሚ ጆሮ!

ወይዘሮ የውብዳር የምትባል ሴት ከሜዳ አንድ የአደይ አበባ ችግኝ ነቅላ በጓሮዋ ተከለች። ክረምቱን ሙሉ ግን ችግኙ ከቅጠል በቀር ምንም አላወጣም።

በዚያ ጓሮ አንዲት ሆዳም ዶሮ ነበረች። አንድ ቀን ትል ፍለጋ የአደዩን ሥር ስትጭር፣ በዚያው ክረምት የተወለደችና ሁሉን ማወቅ የምትወድ ንብ ደረሰችባት።

«እባክሽ እሜቴ ዶሮ፣ ተይው!» አለቻት ንቧ። «ከነቀልሽው የአበባውን ቀለም በምን አውቃለሁ?»

«ቀለም ይበላል እንዴ?» አለች ዶሮዋ። ሆኖም የንቧን መንደፊያ ፈርታ ሄደች።

ንቧም ወደ አደዩ ዞር ብላ፣ «አንተስ፣ ሌሎቹ ሲያብቡ ምነው ዝም አልክ?» ስትል ጠየቀችው።

ታጋሹ አደይ፣ «እኔ ዝናቡ ሲያባራ ነው የማብበው። ያን ጊዜ መጥተሽ እይኝ» አላት።

ዝናቡ በርትቶ የጓሮውን አበቦች ሁሉ አረገፈ፤ በቀፎውም ረሃብ ገባ። መስከረም ሲጠባ ንቧ እየበረረች ብትመጣ አደዩ ፈክቶ አገኘችው። «ቢጫ ነው! ቢጫ ነው!» እያለች የተራቡ እህቶቿን ጠራች።

አበባው ሲደርቅ ዶሮዋ የረገፈውን ፍሬ ትለቅም ጀመር። በጣም ጣማትና ቀና ብላ፣ «ለከርሞስ ስንት ያብባል?» ብላ ጠየቀች።

«የተውሽለትን ያህል» አለቻት ንቧ።

ዶሮዋ የቀረውን ፍሬ ትክ ብላ አየችው። ከዚያም ሆዷ ሳይሞላ ወደ ቤቷ ገባች።

የእኔ ተረት ይኸው ነው፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።